የማይድን የእግር ቁስልን በዝቅተኛ ኃይል ሌዘር ማከም፦ ከምርመራ እስከ ፋሻ

ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ፣ በውስጥ በኩል፣ ግማሽ መዳፍ የሚያክል ቁስል። ዙሪያው ጠቁሯል። ቆዳው ደርቆ እንደ እንጨት ጠንክሯል። ቀን እግሩ ያብጣል፤ ማታ ፋሻው ሲፈታ በእዥ ርሷል። ቅባቱ ስንቴ ተቀይሯል፣ አንቲባዮቲኩ ስንቴ ተወስዷል፣ ወራት አልፈዋል። ቁስሉ ግን እዚያው ነው።

ቁስል በማከም ሥራ ላይ ስለቆየሁ እንዲህ ያለ እግር ብዙ አይቻለሁ። ከእግሩ ጋር አብሮ የሚመጣ ጥያቄም አለ፦ «ሌዘር የሚባል ሕክምና አለ አሉኝ፤ እሱስ አያድነኝም?»

መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሌዘር ይረዳል። የሚረዳው ግን ቁስሉን አላድን ያለው ምክንያት ከተፈታ በኋላ ነው። እግሩ እያበጠ፣ ስኳሩ ሰማይ እየነካ ወይም ደም በቅጡ ሳይደርሰው ብርሃን ብናበራበት ትርፉ ድካም ነው። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል የጻፍኩት መሣሪያው በእጃቸው ላለ ነርሶችና ፊዚዮቴራፒስቶች ነው። ታማሚዎችና ቤተሰብም ቢያነቡት ደስ ይለኛል፤ ክሊኒክ ሲሄዱ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ። ቤት ውስጥ ለብቻ የሚሞከር ነገር ግን አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ብርሃኑ ጥቂት

ሌዘር ሲባል ብዙ ሰው የሚቆርጥና የሚያቃጥል ነገር ያስባል። ይሄኛው አይቆርጥም። «ቀዝቃዛ ሌዘር» የሚሉትም አሉ። አሁን አሁን ባለሙያዎች የሚጠሩበት ስም ፎቶባዮሞዱሌሽን ነው። ጉልበቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሚሊዋት አይበልጥም።

የተገኘው ሳይታሰብ ነው። የመጀመሪያው ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1960 ተሠራ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ ቡዳፔስት ውስጥ እንድሬ ሜስተር የተባለ ሃንጋሪያዊ ሐኪም ሌዘር ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ለማወቅ አይጦችን ላጨና ብርሃኑን አበራባቸው። ካንሰር አልመጣም። ሌዘር የበራባቸው አይጦች ፀጉር ግን ካልበራባቸው ቀድሞ በቀለ። ሜስተር ነገሩን ተከታተለው፤ ብዙም ሳይቆይ ብርሃኑን በሰው እግር ላይ ባሉ የማይድኑ ቁስሎች ላይ መሞከር ጀመረ። የእግር ቁስል ስለዚህ ይህ ሕክምና ገና ከጅምሩ የተሞከረበት ሕመም ነው።

ሴሉ ውስጥ የሚሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የሴል ኃይል ማመንጫ በሆነው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ቀይና ለዓይን የማይታየው ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ሲያርፍበት ይቀበለዋል። በተጎዳ ሴል ውስጥ ይህን ኢንዛይም የሚያንቀው ናይትሪክ ኦክሳይድ ይላቀቃል፤ ሴሉ ኦክስጅኑን በደንብ ተጠቅሞ ተጨማሪ ኃይል ያመርታል ተብሎ ይታመናል። በላቦራቶሪ ሲታይ አዲስ ሥጋ የሚሠሩት ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሴሎች ይበዛሉ፣ ኮላጅን ይጨምራል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበቅላሉ።

ሰው ላይ ያለው ማስረጃ ግን እንደ ላቦራቶሪው አፉን ሞልቶ አይናገርም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ በደም መልስ ችግር ለሚመጣ ቁስል ሌዘር ለብቻው እንደሚጠቅም የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። በ2017 የወጣ ሌላ የኮክሬን ግምገማ ደግሞ በስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ላይ የብርሃን ሕክምና ሊረዳ እንደሚችል የሚጠቁም ውጤት አገኘ፤ ጥናቶቹ ትንንሽ፣ የማስረጃው ጥራትም ዝቅተኛ ነበር። ይህን ለታማሚው ሳልነግር ሌዘር አብርቼ አላውቅም። «ተጨማሪ እገዛ ነው፤ ዋናውን ሕክምና አይተካም» እላለሁ። ሰው እውነቱን ሲያውቅ ፋሻውንም በደንብ ይይዛል።

1. ቁስሉ ለምን እንዳልዳነ እወቁ

በዚህ ደረጃ ላይ አትቸኩሉ። ከጠቅላላው ሥራ ግማሹ እዚህ ነው።

ከእግር ቁስሎች አብዛኞቹ የሚመጡት ከደም መልስ ነው። ደምን ወደ ልብ የሚመልሱት ሥሮች ውስጥ ያሉት ትንንሽ በሮች ሲበላሹ ደሙ ወደ ታች ይከማቻል፤ ግፊቱ ቆዳውን ይጎዳዋል። እንዲህ ያለው ቁስል ከቁርጭምጭሚት በላይ ይወጣል፣ ጠርዙ ወጣ ገባ ነው፣ ብዙ ያዣል፣ ዙሪያው ይጠቁራል፤ እግር ከፍ ሲል ሕመሙ ይቀላል። የደም ቅዳ ቁስል በተቃራኒው ነው። ጣት ወይም ተረከዝ ላይ ይወጣል፣ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፣ እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ሌሊት ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል፤ ታማሚው እግሩን ከአልጋ ወደ ታች ሲያንጠለጥል ነው የሚሻለው። የስኳር ቁስል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውስጥ እግር፣ ክብደት ከሚያርፍበት ቦታ ይነሳል፤ ስሜት ስለሌለ አያምም። ሁለትና ሦስቱ የተደባለቁበትም ሞልቷል።

ታዲያ በዓይን ብቻ አትወስኑ። የቁርጭምጭሚትና የክንድ ግፊት ንጽጽር ይለካ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ታማሚው ቢያንስ 10 ደቂቃ በጀርባው ተኝቶ ይረፍ። ቁስሉን በንጹሕ ፕላስቲክ ሸፍኑት። በእጅ በሚያዝ ዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን በድምፅ በሚያሰማ መሣሪያ፣ የሁለቱንም ክንዶች የላይኛውን ግፊት ለኩና ከፍተኛውን ያዙ። ቀጥሎ የግፊት መለኪያውን ከቁርጭምጭሚት በላይ ጠቅልላችሁ ከእግር ጀርባ ያለውንና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አጥንት ኋላ ያለውን የደም ቅዳ ለኩ፤ እዚህም ከፍተኛውን ያዙ። የእግሩን ለክንዱ አካፍሉ። እግር 102፣ ክንድ 120 ከሆነ 0.85 ይመጣል።

ከ0.8 እስከ 1.3 ባለው መካከል ሙሉ የግፊት ፋሻ ማሰር ይቻላል። ከ0.8 በታች ከወረደ በራሳችሁ አትጠቅልሉ፤ ስፔሻሊስት ይየው። ከ0.5 በታች ከሆነ እግሩ ራሱ አደጋ ላይ ነውና ሌዘሩን ትታችሁ ወደ ደም ሥር ሐኪም በፍጥነት ላኩ። ከ1.3 በላይ ሲሆን «ደኅና ነው» ብላችሁ አትዘናጉ። በተለይ የስኳር ሕመምተኞች የደም ሥር ግድግዳ ስለሚጠነክር ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያታልላል።

ስኳር ላለበት ሰው በ10 ግራም ጫና የሚታጠፈውን የመፈተሻ ናይለን ክር ከውስጥ እግሩ ላይ እያስነካችሁ ስሜቱን ፈትሹ። ቁስሉ ጠልቆ ከጀርም በጸዳ ቀጭን መሣሪያ ሲነካ አጥንት ከተገኘ የአጥንት ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል፤ ያ የሐኪም ጉዳይ ነው። ክብደቱ ከቁስሉ ላይ ካልተነሳ፣ ማለትም እየተራመደበት ከሆነ፣ በምንም ብርሃን አይገጥምም።

የደም መልስ ችግር ያለበት ሰውም የደም ሥር ሐኪም እንዲያየው ግፉበት። በ2018 ውጤቱ የታተመው ኤቭራ የተባለው የብሪታንያ ጥናት 450 ታማሚዎችን አካቶ ነበር። የተበላሸው ደም መልስ ቶሎ ሲዘጋላቸው ቁስሉ በግማሾቹ ላይ በ56 ቀን ውስጥ ገጠመ፤ ሕክምናው ሲዘገይ ግን 82 ቀን ወሰደ። ሁለቱም ወገን የግፊት ፋሻ ታስሮላቸው ነበር።

2. ሌዘር የማይበራላቸውን ለዩ

ካንሰር ያለበት ወይም የተጠረጠረበት ቁስል ላይ ሌዘር አይበራም። ለዓመታት የቆየ ቁስል ወደ ቆዳ ካንሰር ሊቀየር ይችላል። ጠርዙ ከፍ ብሎ የተጠቀለለ፣ ሥጋው ከቁስሉ በላይ የሚያድግ፣ በትንሽ ነገር የሚደማ ወይም ሦስት ወር በደንብ ታክሞ ምንም ያልተለወጠ ቁስል ካያችሁ ናሙና ይወሰድ። ውጤቱ ሳይመጣ መሣሪያውን አትንኩ።

ቀይነቱ ወደ ዙሪያው እየሰፋ፣ እግሩ እየጋለ፣ ትኩሳት እየመጣ ከሆነ ኢንፌክሽኑ ይቅደም። በአንዳንድ የላቦራቶሪ ሥራዎች የሌዘር ብርሃን የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን እድገት ጨምሯልና መግል በያዘ ቁስል ላይ መቸኮል ጥሩ አይደለም። የሚደማ ቁስል ከሆነ መጀመሪያ ደሙ ይቁም። ቆዳን ለብርሃን የሚያስቆጣ መድኃኒት የሚወስድ ካለ ሐኪሙን ጠይቁ። በነፍሰ ጡር ሆድ ላይና በአንገት ፊት ባለው ታይሮይድ ላይ አይበራም፤ ዓይን ውስጥ ፈጽሞ። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ላይ ብልጭ ድርግም የሚለውን አበራር አትጠቀሙ።

3. መሣሪያችሁን እወቁት

ሦስት ቁጥር ያስፈልጋችኋል፦ የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት በናኖሜትር፣ ጉልበቱ በሚሊዋት፣ ጫፉ ላይ የሚወጣው ብርሃን ስፋት በካሬ ሴንቲሜትር። ከሦስቱ አንዱ መሣሪያው ላይም መጽሐፉ ላይም ካልተጻፈ ዶዝ ማስላት አትችሉም፤ ሻጩን አስጨንቃችሁ ጠይቁ።

ከ630 እስከ 670 ናኖሜትር ያለው ቀይ ብርሃን ላይ ላዩን ይሠራል፤ ለቁስል ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው። ከ800 እስከ 910 አካባቢ ያለው ቅርብ ኢንፍራሬድ ጠለቅ ይላል፤ ለቁስሉ ዙሪያና ለጠለቀ ቁስል ይጠቅማል። ከ700 እስከ 770 ያለው ደካማ ሆኖ ስለተገኘ ብዙም አይመከርም። ስላይድ የሚጠቆምበት የሌዘር ብዕር ለዚህ አይሆንም፤ ጉልበቱ አይታወቅም፣ ዶዙ አይለካም።

ብርሃኑን የሚያመነጨው ዲዮድ ጉልበቱ ከጊዜ ጋር ይቀንሳል። ከቻላችሁ በየጥቂት ወሩ በጉልበት መለኪያ ይፈተሽ። የጫፉን መስታወትም አትርሱ፤ የደረቀ እዥ ወይም ቅባት ከተጋገረበት ብርሃኑ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

4. ዶዙን በወረቀት አስሉ

ስህተት የሚበዛው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

ጁል ማለት ጉልበት በጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ኃይል ነው። አንድ ዋት ለአንድ ሰከንድ ሲበራ አንድ ጁል ነው። ለእግር ቁስል በብዛት የሚሠራበት መጠን በካሬ ሴንቲሜትር ከ1 እስከ 4 ጁል ነው።

መሣሪያችሁ 100 ሚሊዋት ነው እንበል፤ ይህ 0.1 ዋት ነው። የብርሃኑ ስፋት 0.5 ካሬ ሴንቲሜትር ይሁን። ለቁስሉ ጠርዝ 4 ጁል በካሬ ሴንቲሜትር ፈለጋችሁ። 4ን በ0.5 ስታባዙ 2 ጁል ይመጣል። 2ን ለ0.1 ስታካፍሉ 20 ሰከንድ። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ 20 ሰከንድ ትቆያላችሁ። ለቁስሉ ወለል 2 ጁል በካሬ ሴንቲሜትር ከበቃችሁ 10 ሰከንድ ይሆናል።

አሁን ወደ ቁስሉ እንሂድ። 4 በ3 ሴንቲሜትር የሆነ ሞላላ ቁስል ዙሪያው 11 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በየሴንቲሜትሩ አንድ ነጥብ ብታደርጉ 11 ነጥብ፣ 220 ሰከንድ። ወለሉ 9 ነጥብ ቢወስድ 90 ሰከንድ። በድምሩ 310 ሰከንድ ነው፤ ከአምስት ደቂቃ ጥቂት ያልፋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከላይ ያሰላነው ብርሃኑ ያረፈበት ነጥብ ያገኘውን ነው። በጠቅላላው የቁስል ስፋት ካካፈላችሁት ቁጥሩ ያንሳል፤ ወለሉ ላይ ያዋልነው 9 ጁል ለ9.4 ካሬ ሴንቲሜትር ሲካፈል 1 ጁል ገደማ ብቻ ይሆናል። ሁለቱም አሰላል አለ። መዝገቡ ላይ በየትኛው እንዳሰላችሁ ካልጻፋችሁ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ባልደረባ ይሳሳታል።

ብልጭ ድርግም በሚል አበራር ላይ ደግሞ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። መሣሪያው ላይ 100 ሚሊዋት ይላል። የምሠራበት ፕሮግራም ግን ግማሹን ጊዜ ጠፍቶ ግማሹን ብቻ የሚበራ ነበር። አማካዩ ስለዚህ 50 ሚሊዋት ነው፤ 20 ሰከንድ ሳይሆን 40 ሰከንድ ያስፈልግ ነበር። ለሳምንታት ግማሽ ዶዝ ስሰጥ ቆየሁ። ያወቅኩት መጽሐፉን እንደገና ሳነብ ነው። ያኔ አክማቸው የነበሩ አንዲት እናት በየቀጠሮው እግራቸውን እየጎተቱ ይመጡ ነበር፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ያመኛል። እናንተ ከመጀመሪያው ቀን መጽሐፉን ክፈቱ።

ታዲያ «ይጨመርልኝ» የሚል ታማሚ አይጠፋም። አይጨመርም። ዶዙ ሲያንስ ምንም አይሠራም፣ ልክ ሲሆን ያነቃቃል፣ ሲበዛ ያደክማል። በላቦራቶሪ የቆሰሉ ፋይብሮብላስቶች በካሬ ሴንቲሜትር በ5 ጁል ሲነቃቁ በ16 ጁል ተጎድተዋል።

5. ክፍሉና ዓይን

በሩ ይዘጋ፤ ከውጭ «ሌዘር እየሠራ ነው» የሚል ምልክት ይሰቀል። መስታወትና የሚያብረቀርቅ ብረት ከአካባቢው ይነሳ። ቀለበትና ሰዓታችሁን አውልቁ። ለምትጠቀሙበት ሞገድ የተሠራ መነጽር እናንተም፣ ታማሚውም፣ አብሮ የመጣው አስታማሚም ያድርግ። የፀሐይ መነጽር አይተካውም። ኢንፍራሬዱ በተለይ ስለማይታይ ዓይን አይጨፈንለትም፤ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው የሚታወቀው። ጫፉ ቁስሉ ላይ ሳይደርስ ቁልፉን አትጫኑ፤ ሳታጠፉ አታንሱ።

6. ቁስሉን እጠቡ

ፋሻውን ቀስ ብላችሁ ፍቱ። የተጣበቀ ጎዝ ካለ ለብ ባለ ሳላይን (የሕክምና ጨው ውኃ) አርሱትና ጠብቁ፤ አትገንጥሉ። ቁስሉን በሳላይን ወይም በሚጠጣ ንጹሕ ውኃ እጠቡ። ቢጫ የሞተ ሥጋና ጥቁር ቅርፊት ብርሃን አያሳልፍም፤ ማንሳት የሰለጠነ ሰው ያንሳው። ደም የማይደርሰው እግር ላይ ያለ ደረቅ ጥቁር ቅርፊት ግን አይነካም።

አዮዲን ቡናማ ቀለሙ፣ የሲልቨር ክሬም ነጭ ንጣፉ ብርሃኑን ያስቀሩታል። ዙሪያው ላይ ያለው ቫዝሊንና ቅባትም ይጠረግ። ከዚያ ወለሉን በንጹሕ ጎዝ ጫን ጫን አድርጋችሁ እዡን ምጠጡ፤ አትፈትጉ።

ሕመሙን ከ0 እስከ 10 አስገምቱና ጻፉ። ርዝመቱንና ወርዱን ለኩ። ሁለቱን አባዝታችሁ በ0.785 ካባዛችሁት የሞላላ ቁስል ስፋት ታገኛላችሁ፤ 4 በ3 የሆነው 9.4 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ፣ ከታማሚው ፈቃድ ጋር፣ በአንድ ዓይነት ርቀትና ብርሃን ፎቶ አንሱ።

7. ማብራት

ታማሚው ተመቻችቶ ይተኛ፤ እግሩ በትራስ ከፍ ይበል። የመሣሪያውን ጫፍ በአልኮል ጥረጉና በቀጭን ጥርት ባለ ፕላስቲክ ሸፍኑት። ፕላስቲኩ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ነው። ጓንት አድርጉ።

ከጠርዝ እንጀምር። ጫፉን ከቁስሉ ጠርዝ ግማሽ ወይም አንድ ሴንቲሜትር ያህል ራቅ ብሎ ባለው ጤነኛ ቆዳ ላይ አሳርፉት። ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከዘመመ ብርሃኑ ተንሸራቶ ይመለሳል። ለስለስ አድርጋችሁ ተጫኑ። ቁልፉን ጫኑ። ሃያ ሰከንድ። አጥፉ፣ አንሱ፣ አንድ ሴንቲሜትር ቀጥሉ። ሰዓት አቅጣጫ ይዛችሁ ዙሩት፤ ከየት እንደጀመራችሁ አይጠፋባችሁም። እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። ታማሚውም አብሮኝ ይቆጥራል፤ ፍርሃቱን ያስረሳዋል።

ቆዳው በጣም የጠበበና ያመመ ከሆነ አትጫኑ። ሳይነካ ከላይ ያዙት።

ቀጥሎ ወለሉ ነው። እዚህ ጫፉ ሥጋውን አይነካም። ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። የዲዮድ ብርሃን ከራቀ ይበተናል፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ያሰላችሁት ዶዝ ዶዝ አይደለም። ትንሿን ጣታችሁን ከቁስሉ ውጪ ቆዳው ላይ ብታሳርፉ እጃችሁ አይንቀጠቀጥም። ቁስሉን በሐሳብ በየሴንቲሜትሩ ካሬ ከፋፍሉትና በረድፍ ሂዱ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ እንደገና። ቀዩ ብርሃን ሲያርፍበት እርጥቡ ወለል ጎህ ሲቀድ እንዳለ ሰማይ ይቀላል። የዘለላችሁት ቦታ ካለ በዚያ ታዩታላችሁ። በኢንፍራሬድ ስትሠሩ ግን ይህ እገዛ የለም።

ስለ ቆዳ ቀለም መናገር አለብኝ፤ ብዙ መመሪያ ይዘለዋል። ጥቁር ቆዳ ብርሃኑን የበለጠ ይቀበላል፤ ስለዚህ ቶሎ ይሞቃል። ጉልበቱ ከፍ ባለ መሣሪያ ከሆነ የምትሠሩት ጉልበቱን ቀንሱና ጊዜውን አስረዝሙ። «ሞቀዎት?» እያላችሁ ጠይቁ። የስኳር ሕመምተኛ ግን «አልሞቀኝም» ቢላችሁ አትመኑት፤ እግሩ ስለማይሰማ ነው። በየጥቂት ነጥቡ የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሙቀቱን እናንተ ፈትሹ።

8. ወዲያው ሸፍኑና ጠቅልሉ

ቁስሉ ተከፍቶ አይቆይ። እንደ እዡ መጠን እርጥበት የሚጠብቅ ወይም የሚመጥ ድሬሲንግ አድርጉ። ጥቂት የሚያዥ ቁስል ላይ ወፍራም ፎም መለጠፍ አያስፈልግም።

የደም መልስ ቁስል ከሆነና ንጽጽሩ ከፈቀደ የግፊት ፋሻው አሁኑኑ ይመለስ። ከጣቶች ሥር ጀምሮ ተረከዙን አካቶ እስከ ጉልበት በታች ይጠቀለላል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ወደ 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚደርስ ግፊት ይሰጣል። እግሩ ቀጥ ብሎ በ90 ዲግሪ ይያዝ፤ ካልሆነ ፋሻው ፊት ለፊት ይሸበሸባል። ታማሚው ጣቶቹ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከባሰ ራሱ ፈትቶ እንዲመጣ ንገሩት። ይህ ፋሻ ለደም መልስ ቁስል ከሌዘሩ በላይ የተረጋገጠ ሕክምና ነው። ምርጫ ቢመጣብኝ፣ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል፣ ያለ ማመንታት ፋሻውን እይዛለሁ።

የስኳር ቁስል ከሆነ ክብደት የሚያነሳው ጫማ ወይም ጀሶ ይመለስ። አንድ እርምጃም ያለሱ አይሁን።

9. በስንት ቀን፣ እስከ መቼ

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል። ከፋሻ ቅያሪው ቀን ጋር አጋጥሙት፤ ቁስሉ ለሌዘር ብቻ ተብሎ ባይከፈት ይሻላል። በየቀጠሮው የምትጽፉት ይህ ነው፦ ቀን፣ ሞገድ፣ አማካይ ጉልበት፣ የብርሃኑ ስፋት፣ በነጥብ ስንት ሰከንድ፣ ስንት ነጥብ፣ በካሬ ሴንቲሜትር ስንት ጁል። «ሌዘር ተሰጥቷል» ብሎ መጻፍ ምንም አይናገርም።

አራተኛው ሳምንት ላይ ቁጭ ብላችሁ ቁጥሩን እዩ። የደም መልስ ቁስል ስፋቱ በ40 በመቶ ገደማ፣ የስኳር ቁስል በግማሽ ቢቀንስ መንገዱ ጥሩ ነው። የደም መልስ ቁስል ከሆነ 9.4 የነበረው 5.6 አካባቢ ደረሰ ማለት ነው። ወለሉ እንደ ሥጋ ቀልቶ፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን አዲስ ቆዳ ወደ ውስጥ ሲሳብ ታያላችሁ። ጥቁር ቆዳ ላይ ይህ አዲስ ቆዳ መጀመሪያ ሐመር ሮዝ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ቤተሰብ «ነጭ ሆነ» ብሎ ይደነግጣል። ቀለሙ ቀስ እያለ ሊመለስ እንደሚችል ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ካልቀነሰ ጁሉን ከመጨመራችሁ በፊት ወደ አንደኛው ደረጃ ተመለሱ። ፋሻውን ቤት ይፈታዋል? ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል? ስኳሩ እንዴት ነው? በደንብ ይበላል፣ በተለይ ፕሮቲን? ሲጋራ አለ? ንጽጽሩ እንደገና ይለካ። በሦስት ወር ካልተለወጠ ናሙና። ቁስሉ እየሰፋ ወይም ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ ሌዘሩን አቁሙና ሐኪም ጥሩ።

ሲገጥም ሌዘሩ ያበቃል፤ ግፊቱ ግን ይቀጥላል። አዲሱ ቆዳ ስስ ነው፣ ደም መልሱም ያው የድሮው ነው። ታማሚው የግፊት ስቶኪንግ ይለካለት። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርድ፣ እግሩ ሳያብጥ ያጥልቀው፤ ማታ ሲተኛ ያውልቀውና ቆዳውን ሽታ የሌለው ማለስለሻ ይቀባ። ስቶኪንጉ ሲታጠብ ሲታጠብ ስለሚላላ በየ3 እስከ 6 ወሩ ይቀየራል። የሚቀየርበትን ቀን ዛሬውኑ ካርዱ ላይ ጻፉለት።